ወባን በብልቃጥ መግደል ቀላል ነው

ነገሩ የጀመረው በሾርባ ነው። ለንደን ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ከየቤታቸው ሾርባ ይዘው መጡ። ትኩሳት የያዘው ሰው እንዲጠጣው የሚሠራ፣ ከአያት የወረደ ዓይነት ሾርባ። ቤተሰቦቻቸው ከአውሮፓም፣ ከሰሜን አፍሪካም፣ ከመካከለኛው ምሥራቅም የመጡ ናቸው። የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሾርባውን አጣሩት። ከዚያም ገዳዩ የወባ ዝርያ፣ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም፣ የሚራባበት ብልቃጥ ውስጥ ጠብ አደረጉት።

ውጤቱ በ2019 ታተመ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከተመረመሩት 56 ናሙናዎች 5ቱ የተህዋሲውን እድገት ከግማሽ በላይ ገቱት። ከነሱም ሁለቱ ከታወቀ የወባ መድኃኒት ጋር የሚቀራረብ ጉልበት አሳዩ። ሌሎች 4 ደግሞ ተህዋሲው ወደ ትንኝ ለመሻገር የሚያስፈልገውን ደረጃ እንዳይጨርስ አደረጉት።

ይህን የሰማ ሰው "እንግዲያው ሾርባ ጠጥቶ መዳን ይቻላል" ቢል አይፈረድበትም። ተመራማሪዎቹ ግን እንዲህ አላሉም። ከየትኛው ሾርባ የትኛው ንጥረ ነገር እንደሠራ እንኳ አልተለየም። አንዱ ዓላማ ልጆቹ ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ በእጃቸው ነክተው እንዲያዩ ነበር።

እኔ ጥናቱን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። እስቲ ቁጥሩን ልብ በሉት። ከ56 ሾርባ 9ኙ አንድ ነገር ሠሩ። ከ6 አንድ ማለት ነው። የመድኃኒት ኩባንያ ያልነካው፣ ኬሚስት ያልመረጠው ተራ ሾርባ ከ6 አንዱ የመጀመሪያውን በር አልፏል። እንግዲህ በሩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል? አንድ የምግብ ማሟያ ወይም ሰፕሊመንት "ወባን እንደሚገድል በላቦራቶሪ ተረጋግጧል" ሲባል ስሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ እነዚያ ሾርባዎች ናቸው።

ብልቃጥ ውስጥ ያለው ተህዋሲ መሸሸጊያ የለውም። ጉበት የለ፣ አንጀት የለ፣ ኩላሊት የለ። የፈለጋችሁትን ነገር፣ በፈለጋችሁት መጠን፣ በቀጥታ ታፈሱበታላችሁ። ጨውም በዛ አድርገው ቢጨምሩበት ይገድለዋል። ሳሙናም እንደዚያው። ቁም ነገሩ ያ የሚገድል መጠን በሰው ደም ውስጥ ሰውየውን ሳይጎዳ ሊገኝ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ብዙዎቹ "ተፈጥሯዊ" ተስፋዎች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው።

በጣም የሚገርመው ምሳሌ ቶኒክ ውኃ ነው። መራራ ጣዕሙ ከኩዊኒን የሚመጣ ነው። ኩዊኒን ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከደቡብ አሜሪካው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት በ1820 ፔልቲዬ እና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ለይተው ያወጡት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዓለም የተመካበት የወባ መድኃኒት ነው። እኛ ማንኛውንም የሚዋጥ እንክብል "ክኒን" የምንለው ከእሱ ስም ተነስተን ነው። ታዲያ ቶኒክ ውኃ ይፈውሳል? እናስላው። የአሜሪካ ሕግ በአንድ ሊትር ቶኒክ ውስጥ ከ83 ሚሊ ግራም በላይ ኩዊኒን እንዲኖር አይፈቅድም። አንድ አዋቂ ታማሚ በቀን የሚያስፈልገው ወደ 1800 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ከ21 ሊትር በላይ መጠጣት አለበት። በየቀኑ፣ ለሰባት ቀን። ንጥረ ነገሩ ትክክለኛው ነው። መጠኑ ግን የለም።

እርድም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በ2005 የወጣ ጥናት ኩርኩሚን ወባ የያዛቸው አይጦች ደም ውስጥ ያለውን ተህዋሲ ከ80 እስከ 90 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ጥሩ ውጤት ነው፣ አይካድም። ብልቃጥ ውስጥም ፋልሲፓረምን ይገታል። የሚፈልገው መጠን 5 ማይክሮሞላር ገደማ ነው። (ማይክሮሞላር ምን እንደሆነ ማወቅ የግድ አይደለም፤ ቁጥሩን ብቻ ያዙልኝ።) ሌሎች ተመራማሪዎች ሲሞክሩት ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ የበለጠ መጠን አስፈልጓል። ሰው በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን ሲውጥ ደሙ ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ መጠን በአማካይ ከ2 ማይክሮሞላር በታች ነበር። 8 ግራም እርድ አይደለም እየተባለ ያለው፣ 8 ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን ነው። አንጀት በደንብ አይቀበለውም፤ የተቀበለውንም ጉበት ቶሎ ብሎ ያስወግደዋል።

"ከቁንዶ በርበሬ ጋር ይወሰድ" የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ አሁን ይገባችኋል። በ1998 በተደረገ ሙከራ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን ኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባበትን መጠን 20 እጥፍ አሳድጎታል። 20 እጥፍ ሲባል ትልቅ ይመስላል። ግን መነሻው ከምንም የማይቆጠር ከሆነ 20 እጥፉም ያው ነው። ደግሞም ፒፐሪን ይህን የሚያደርገው ሰውነት ባዕድ ነገር የሚያስወግድበትን ሥራ በማዘግየት ነው። ያ ሥራ ለኩርኩሚን ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። ታማሚው ጎን ለጎን የሚወስደው መድኃኒትም በዚያው በር ነው የሚወጣው።

አይጦቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የሰው ወባ አይጥን አይዝም። ሙከራው የሚደረገው ፕላስሞዲየም በርጊ በሚባል የአይጥ ወባ ነው፤ በ1948 ኮንጎ ውስጥ ከዱር አይጥ የተገኘ ዝርያ ነው። የተለመደው ፈተና 4 ቀን ይፈጃል። አይጡን ታስይዛለህ፣ 4 ቀን ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ ደሙ ውስጥ ያለውን ተህዋሲ ትቆጥራለህ። እንደ ወንፊት ጥሩ ነው። ከወንፊት አልፎ ማስረጃ ሲደረግ ነው ችግሩ።

እዚህ ላይ "አርቴሚሲኒንስ?" የሚል አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ የዓለም ዋናው የወባ መድኃኒት፣ አርቴሚሲኒን፣ አርቴሚሲያ ከሚባል ተክል የመጣ ነው። በ1967 ቻይና ምስጢራዊ የምርምር ፕሮጀክት ጀመረች። ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ የምትመራው ቡድን ከ2000 በላይ የባህል ሕክምና አዘገጃጀቶችን ሰብስቦ አገላበጠ። ከ200 ገደማ ዕፅዋት 380 ጭማቂ ተዘጋጅቶ አይጥ ላይ ተሞከረ። አርቴሚሲያ አንዴ ሲሠራ አንዴ ሲያቅተው አስቸገረ። መፍትሔው የተገኘው ከዛሬ 1700 ዓመት ገደማ በፊት ጌ ሆንግ በተባለ ቻይናዊ ሐኪም ከተጻፈ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፈህ ጭማቂውን ጨምቀህ ጠጣ ይላል። ቀቅል አይልም። ቱ ዩዩ ሙቀቱ ይሆን መድኃኒትነቱን የሚገድለው ብላ ጠረጠረች። በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን፣ ኤተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው። በ1971 መገባደጃ ቁጥር 191 የተባለው ናሙና የአይጥና የዝንጀሮ ወባን ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በቀጣዩ ዓመት እሷና ባልደረቦቿ መጀመሪያ ራሳቸው ወሰዱት፣ ከዚያ ለታማሚ ሰጡት። በ2015 ኖቤል ተሸለመች።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚነገረው "አያችሁ፣ የባህል መድኃኒት ይሠራል" ለማለት ነው። እኔ ግን ተቃራኒውን አነብበታለሁ። ያ ሁሉ ዕፅዋት ወንፊት ገብቶ ያለፈው አንድ ነው። ያለፈውም እንደ ሻይ ተፈልቶ አይደለም። ተለይቶ ወጥቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በኋላም ኬሚካላዊ ቅርጹ ተሻሽሎ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ነው።

ሻዩም ቢሆን ተሞክሯል። በ2004 የታተመ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የተደረገ ሙከራ የአርቴሚሲያ ሻይን ከኩዊኒን ጋር አነጻጸረ። በ7ኛው ቀን ሻይ ከጠጡት 74 በመቶ፣ ኩዊኒን ከወሰዱት 91 በመቶ ድነው ታዩ። 74 በመቶ! እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ ሻዩ በየፋርማሲው ይሸጥ ነበር። ግን አልቆመም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሻይ ከጠጡት ብዙዎቹ ላይ ወባው ተመለሰ።

ለምን ተመለሰ? ይህ ለኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። በጠና የታመመ ሰው አካል ውስጥ ያለው ተህዋሲ እስከ አንድ ትሪሊዮን ሊደርስ ይችላል። ጥሩ የአርቴሚሲኒን መድኃኒት በየ48 ሰዓቱ ወደ 10 ሺህ እጥፍ ይቀንሰዋል። የላቦራቶሪ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ አይቶ "የለም" የሚለው ግን ሁሉም ሲያልቅ አይደለም። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ50 በታች ሲሆን ማየት ይከብደዋል። በጠቅላላው ደም ሲሰላ ያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ውጤቱ "ነጋቲቭ" ተብሎ፣ ትኩሳቱ ወርዶ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ፣ 100 ሚሊዮን ተህዋሲ ደሙ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ደካማ መድኃኒት እዚህ ድረስ ያደርሳችሁና ይተዋችኋል።

ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የወባ መድኃኒት ሲመዘን ታማሚው ቢያንስ 28 ቀን እንዲከታተሉት የሚጠይቀው። በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት ከሆነ 42 ቀን። ወባው ከተመለሰ ደግሞ የድሮው ነው ወይስ አዲስ ትንኝ ነድፋው ነው የሚለው በዘረመል ምርመራ ይለያል። ከ100 ታማሚ 10ሩ ወይም ከዚያ በላይ ካልዳኑ መድኃኒቱ መቀየር አለበት። በምትኩ የሚገባው አዲሱ ቢያንስ 95 በመቶ መፈወስ ይጠበቅበታል። የሻዩን 74 በመቶ በዚህ ሚዛን አስቀምጡትና እዩት።

"እኔ ወስጄ ድኛለሁ" የሚለው ምስክርነትም የሚያሳስተው ለዚሁ ነው። ሰውየው አልዋሸም። ወባ በባህርይው ይነሳል ይወርዳል፤ ትኩሳቱ ባይታከምም በመሀል ይበርዳል። ወባ በበዛበት አካባቢ ያደገ አዋቂ ደግሞ ከፊል የመከላከል አቅም አለው። ምንም ባይወስድም ሊሻለው ይችላል። ያን ዕለት የወሰደው ነገር ምስጋናውን ይወስዳል። ይህ አቅም የሌለው ትንሽ ልጅ ግን በሰዓታት ውስጥ ወደ ከባድ ወባ ሊገባ ይችላል። በ2023 በወባ ሞቱ ተብለው ከተገመቱት 597 ሺህ ሰዎች አብዛኞቹ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። የአዋቂ ምስክርነት ለነሱ አይሠራም።

እስካሁን ያወራሁት ስለማይሠራ ነገር ነው። የማይሠራ ነገር ጊዜ ቢያባክንም ራሱ አይጎዳም የሚል ሰው ይኖራል። "ቢያንስ ቫይታሚን ነው፣ ምን ይጎዳል?" ይላል። ቆይ እስቲ።

በ1952 የሊቨርፑሉ ተመራማሪ ሜግሬይዝና ባልደረቦቹ እንግዳ ነገር አዩ። ወተት ብቻ የሚመገቡ አይጦች ወባ ቢሰጣቸውም በደንብ አልያዛቸውም። ተህዋሲው አላደገም። ወተት የወባ መድኃኒት ሆነ? በቀጣዩ ዓመት ሆኪንግ የተባለ ተመራማሪ ምስጢሩን አወጣው። ሥራውን የሠራው ወተት ውስጥ ያለ ነገር አልነበረም። የጎደለ ነገር ነው። ወተት ፓባ የሚባል ንጥረ ነገር በበቂ የለውም። ተህዋሲው ደግሞ ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ለራሱ የሚሠራው ከፓባ ነው። ለአይጦቹ ከወተቱ ጋር ፓባ ሲጨመርላቸው ወባው እንደገና ተነሳ። አይጡ ያገኘው የምግብ ማሟያ ያጠነከረው ተህዋሲውን ነው።

ይህ የአይጥ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ፋንሲዳር በሚል ስም የሚታወቀው የወባ መድኃኒት የሚሠራው ይህንኑ የፎሌት መስመር በመዝጋት ነው። ዛሬም ይኸው ጥምር መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮች ወባን ለመከላከል ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ፎሊክ አሲድ ያስፈልጋታል። በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ከሆነ ችግር የለም። 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መድኃኒቱን ያከሽፈዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አብረው እንዳይሰጡ ይመክራል። ያው ቫይታሚን፣ በመጠን ብቻ፣ ከረዳትነት ወደ ተቃዋሚነት ይሻገራል።

ከሁሉም የከበደው የፔምባ ታሪክ ነው። ፔምባ የዛንዚባር ደሴት ናት፣ ያኔ ወባ የበዛባት። ተመራማሪዎች ከ24 ሺህ በላይ ሕፃናትን ይዘው ብረትና ፎሊክ አሲድ ቢሰጣቸው ምን ይሆናል ብለው መዘኑ። ሐሳቡ ንጹሕ ነበር። ደም ማነስ ሕፃናትን ይጎዳል፣ ብረት ደግሞ ደም ይሠራል። በ2003 ግን ብረትና ፎሊክ አሲድ የሚሰጥበት የጥናቱ ክፍል ሳይጠናቀቅ ቆመ። ማሟያውን የወሰዱት ሕፃናት የመሞት ወይም ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ካልወሰዱት በ12 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ውጤቱ በ2006 ታትሞ ብዙ መመሪያ አስቀየረ። ብረት መርዝ ነው ማለት አይደለም። በእርግጥ ብረት ያነሳቸውና ወባቸው ቶሎ ተለይቶ የሚታከምላቸው ልጆች ተጠቅመዋል። ስለዚህ ዛሬ ምክሩ ብረት ይሰጥ፣ ግን ወባን የመከላከል፣ የመመርመርና የማከም አገልግሎት ባለበት ይሁን የሚል ነው። ይህን ልዩነት ማንም ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ አስቦ ሊደርስበት አይችልም ነበር። ስለተሞከረ ነው የታወቀው።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሳ። ቫይታሚን ኤ በ1999 በፓፑዋ ኒው ጊኒ በተደረገ ጥናት የሕፃናትን የወባ ትኩሳት በ30 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ መከላከል ነው እንጂ ማከም አይደለም። ዚንክ የተደበላለቀ ነው። እንደ መከላከያ አንድ ቦታ ረዳ፣ ሌላ ቦታ ምንም አላደረገም። ከወባ መድኃኒት ጋር ተደርቦ በአምስት አገሮች ከ1000 በላይ ሕፃናት ላይ ሲሞከር ጥቅም አላሳየም። በቃ።

ታዲያ ከተክል የሚመጣውን ሁሉ እንጣለው? አይደለም። በማሊ የተደረገውን ተመልከቱ። እነዚያ ተመራማሪዎች ከብልቃጥ አልጀመሩም። መጀመሪያ ሰዎች ሲታመሙ ምን እንደወሰዱና ምን እንደሆኑ ቤት ለቤት ጠየቁ። ጥሩ ውጤት ከታየባቸው ውስጥ አርጌሞኔ ሜክሲካና የምትባል እሾሃማ ተክል ጎልታ ወጣች። ከዚያ መጠኑን ወሰኑ፣ ከዚያ ከዘመናዊው ጥምር መድኃኒት ጋር አወዳደሩ። በ2010 በወጣው ውጤት 301 ታማሚዎች ተሳትፈዋል። የተክሏን ፍልታት ከጠጡት 89 በመቶ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 95 በመቶ ሌላ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው አገገሙ። ፍልታቱ ተህዋሲውን ጨርሶ አያጠፋም፤ እነሱም ያጠፋል አላሉም። የጠየቁት ጤና ጣቢያ ሩቅ ለሆነበት ሰው እስኪደርስ ድረስ ያቆየዋል ወይ የሚል የተወሰነ ጥያቄ ነው። እኔ የማከብረው እንዲህ ዓይነቱን ልክ ያለው ጥያቄ ነው።

አንድ ሰፕሊመንት ዛሬ በወባ ላይ ይሞከር ቢባል መንገዱ ያን ያህል ውስብስብ አይደለም፣ ረጅም ነው እንጂ። መጀመሪያ ዕቃው ራሱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የዘንድሮው ቅጠልና የአምናው ቅጠል፣ የደጋውና የቆላው፣ በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። ከዚያ ጤነኛ ሰው ላይ ደኅንነቱ ይታያል። ፈቃደኞችን በቁጥጥር ሥር ወባ አስይዞ፣ ገና ምልክት ሳይጠና የተህዋሲውን ቁጥር በትክክል እየለኩ መድኃኒት የመፈተን ዘዴም አለ። በመጨረሻም ሁሉም በታወቀ መድኃኒት ይፈወሳሉ። ታማሚ ላይ ሲደርስ ግን አንድ የማይታለፍ መስመር አለ። ለወባ ታማሚ ባዶ ክኒን ሰጥቶ "እንይ" ማለት አይቻልም። ስለዚህ ማሟያው መሞከር ያለበት ከትክክለኛው መድኃኒት ጋር ተደርቦ ነው።

ለብቻው የሚሰጥ ደካማ አርቴሚሲያ ሌላም መዘዝ አለው። ግማሽ የሞተ ተህዋሲ ይማራል። አርቴሚሲኒንን የሚቋቋሙ ዝርያዎች መጀመሪያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ አሁን ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ታይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2006 ጀምሮ አርቴሚሲኒን ብቻውን በክኒን እንዳይሰጥ ሲከለክል የኖረው፣ በ2019ም የአርቴሚሲያ ሻይንና ዱቄትን እንደማይደግፍ በግልጽ ያስታወቀው ለዚህ ነው። የመድኃኒት ኩባንያ ሴራ ነው የሚሉ አሉ። ኮንጎ ላይ ሻዩን ጠጥተው ወባው የተመለሰባቸው ሰዎች ግን ከኩባንያ ጋር ጉዳይ የላቸውም።

መደረብም ቢሆን እንዲሁ ዝም ብሎ አይደለም። የግሬፕፍሩት ጭማቂ፣ ያ መራራው ብርቱካን መሰል ፍሬ፣ ከአርቴሚሲኒን የተሠራውን አርቴሜተር የተባለ መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ዕፅ ደግሞ ጉበት መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሁለቱም "ተፈጥሯዊ" ናቸው። አቅጣጫቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ደግሞ አንድ ምግብ አለ፣ በወባ ሕክምና ውስጥ ሚናው በደንብ የተለካ። ኮአርተም ከሚባለው ጥምር መድኃኒት አንዱ ክፍል ሉሜፋንትሪን ነው፤ ስብ ካላገኘ ወደ ደም በደንብ አይገባም። በጤነኞች ላይ ሲለካ ስብ ካለው ምግብ በኋላ ሲወሰድ በባዶ ሆድ ከተወሰደው 16 እጥፍ ያህል ገብቷል። አርቴሜተሩም ከእጥፍ በላይ። ብዙም አያስፈልግም፤ ጥቂት ግራም ስብ ይበቃል። ምግብ አልወርድ ላለው ልጅ አንድ ኩባያ ወተት ይሰጠዋል። በ1952 አይጦቹን ያዳነ የመሰለው ያው ወተት፣ ዛሬ መድኃኒቱን ያስገባል።